በዱቤ የሚገዛ እፎይታ፦ ድሬ ላይ ሰው ጭንቀቱን እንዴት ያስታግሳል?

ድሬዳዋ ላይ «ጭንቀት አለብኝ» የሚል ወንድ ብዙ አይገኝም። «ደብሮኛል» ይላል። «ሙዴ ጠፍቷል» ይላል። ከባሰበት «ሀሳብ በዝቶብኛል» ይልና ወዲያው ይስቃል። ሴቶቹ ይሻላሉ። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ብለው ቢያንስ ቦታውን ይጠቁማሉ። አክስቴ ደግሞ «ልቤ አልቀመጥ አለኝ» ነው የምትለው። ከሁሉም የእሷ አነጋገር ለሐኪም የሚቀርብ ይመስለኛል። ጭንቀት መጀመሪያ የሚታወቀው በሰውነት ነው። ልብ ላይ፣ ሆድ ላይ፣ ትከሻ ላይ፣ እንቅልፍ ላይ።

መልሱ ግን ለሁሉም አንድ ነው። «ቀለል አርገው አቦ!» የከተማችን መድኃኒት ይኸው ነው። ችግሩ፣ አንዳንዱ ነገር አልቀል ይላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ የሄደበትን መንገድ ሁላችንም እናውቃለን። የቤት ኪራይ አለ። የልጆች ትምህርት ቤት አለ። ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ወንድም አለ። ቀኑን ሙሉ በስልክ የሚገባ ክፉ ወሬ አለ። ይህን ሁሉ ተሸክሞ ቀለል በል ስለተባለ ቀለል የሚል የለም። ስለዚህ ሰው አንድ ነገር ያደርጋል። ይቅማል፣ ይጠጣል፣ ይጸልያል፣ ይሄዳል፣ ያወራል፣ ስልኩ ውስጥ ይደበቃል።

ዛሬ የማወራው ስለዚያ «አንድ ነገር» ነው። የትኛው ይሠራል? የትኛውስ የሚሠራ እየመሰለ ይሸውዳል?

በነገራችን ላይ እኛ ብቻ አይደለንም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰው የጭንቀት ሕመም ነበረበት። ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ በብዛት አንደኛው ይህ ነው። ሕክምና የሚያገኘው ግን ከ4 ሰው አንዱ ያህል ነው። የቀሩት ሦስቱ እንደኛው ናቸው፤ ባገኙት ነገር ያስታግሳሉ።

ደቻቱ ነሐሴ ላይ፣ ደቻቱ ታኅሣሥ ላይ

መጀመሪያ ስጋትና ጭንቀትን እንለያቸው። ለዚህ ከደቻቱ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም።

ለማያውቀው፣ ደቻቱ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል የአሸዋ ወንዝ ነው። የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው። ሰው አቋርጦት ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው። እኛ ጋ ጠብ ሳይል፣ ደንገጎ አካባቢ ከዘነበ ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያን ሌሊት ያየ ሰው ዛሬም ክረምት ላይ ወደ ተራራው ቀና ብሎ ጥቁር ደመና ሲያይ ልቡ ድው ድው ይላል።

ይህ በሽታ ነው? በፍጹም። ይህ ስጋት ነው፤ ያውም ጤነኛ ስጋት። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል፣ የለውዝ ፍሬ የምታክል ክፍል አለች። አደጋ የመሰላት ጊዜ ደወል ትደውላለች። አድሬናሊን ይረጫል። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፣ ደም ወደ እግር ጡንቻ ይሮጣል፣ ሆድ ሥራውን ያቆማል። ሁሉም ለመሮጥ ነው። ጎርፍ ሲመጣ የሚያተርፈን ይኸው ደወል ነው።

ጭንቀት የምንለው ያው ደወል ታኅሣሥ ላይ ሲደወል ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል። አሸዋው ደርቋል። ሰውነት ግን ሊሮጥ ተነስቷል። ወዴት ይሩጥ? ወይ ደግሞ ነሐሴ ላይ በትክክል የተደወለው ደወል፣ ጎርፉ አልፎም አልቆም ሲል ነው።

መሃል ላይ የሚቀር አንድ ነገር አለ። የኑሮ ውድነቱስ? እሱ እውነተኛ ስጋት ነው። የሚያስከፋው ግን የቤት ኪራይ በሩጫ አይከፈልም። ሰውነታችን የሚያውቀው የጎርፍ መፍትሔ ብቻ ነው። ለወር መጨረሻ የተሠራ መፍትሔ የለውም።

አምስት ኢሲጂ

ይህን ሁሉ ከመጽሐፍ አልጀመርኩትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሰኔ ነበር። የድሬን ሰኔ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሌሊቱም አይበርድም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ልቤ እየደለቀ ነቃሁ። ደረቴ ተያዘ። ጣቶቼ ደነዘዙ። «አለቀልኝ» አልኩ። ባለቤቴ ጎረቤት ቀሰቀሰች። በባጃጅ ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱኝ።

ኢሲጂ፣ ማለትም የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚያወጣውን ምርመራ፣ ተነሳሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየት አደረገና «ምንም የለብህም፣ ሂድና ተኛ» አለኝ። ደስታዬ ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ሌሊት ያው ነገር ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ ኢሲጂ፣ «ምንም የለብህም»። ደስታው አሁን አንድ ቀን ተኩል። በሦስት ወር ውስጥ አምስት ኢሲጂ ሰበሰብኩ። ከመጨረሻው ክሊኒክ ስወጣ ደረጃው ላይ ሳለሁ ነበር «ይሄኛው ማሽን ባይሠራስ?» ያልኩት።

«ምንም የለብህም» ትክክል ነበር። በቂ ግን አልነበረም። የሆነ ነገር ነበረብኝ። ስሙን የነገረችኝ በኋላ ያገኘኋት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ፓኒክ ይባላል። ሰው በድንጋጤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣት የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው በዚህ ነው። ጡዘቱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ደቂቃ አካባቢ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ ይወርዳል። «ባትሮጥም ይወርዳል፣ ብትሮጥም ይወርዳል» አለችኝ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር የመጀመሪያው ሌሊት ብሰማት ኖሮ የአራት ኢሲጂ ብር ኪሴ ውስጥ ይቀር ነበር።

አደራ፣ ይህን አንብባችሁ የደረት ሕመምን እንዳትንቁ። የመጀመሪያው ምርመራ ግዴታ ነው። የታይሮይድ ዕጢ ችግርና የደም ማነስም ልብን ያስደልቃሉ። እኔን ያከሰረኝ አንደኛው ኢሲጂ አይደለም። ከሁለተኛው ጀምሮ ያሉት ናቸው።

ድሬ የነጋዴ ከተማ ስለሆነች ዱቤ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ዕቃውን ዛሬ ትወስዳለህ፣ ሒሳቡ በኋላ ይመጣል። አራቱ ኢሲጂዎች የዱቤ እፎይታ ነበሩ። ወዲያው ያረጋጋሉ፤ በማግስቱ ፍርሃቱ ወለድ ጨምሮ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ጭንቀት ማስታገሻ የሚባለውን ሁሉ በዚህ ሚዛን ነው የማየው። አሁን ምን ያህል አረጋጋኝ ብዬ አልጠይቅም። ነገ ጠዋት ምን ያስከፍለኛል?

በርጫ

እንግዲህ ስለ ጫት ሳላወራ ስለ ድሬ ጭንቀት ጻፍኩ ብል ማንም አያምነኝም።

ጫትን የሚሰድብ ጽሑፍ ሞልቷል። እኔ አልጨምርም። የሐረርጌ ገበሬ ቤት የሚሠራው፣ ልጅ የሚያስተምረው በእሱ ነው። የጫት ገበያዋን አወዳይን ሌሊት ያየ ሰው ይህ ቅጠል ስንት እንጀራ እንደተሸከመ ይገባዋል። በርጫም (ተሰብስቦ መቃሙ) ቢሆን ዝም ብሎ ሱስ ብቻ አይደለም። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲከር፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ፍራሽ ይነጠፋል፣ ትራስ ይደረደራል፣ ውሃ ይቀርባል። ሽማግሌው ያወራል፣ ወጣቱ ያዳምጣል። የተጣላ ይታረቃል፣ ዕቃ ይሸጣል፣ ሚስት ይፈለጋል። 9 ሰዓት አልፎ ምርቃናው ሲመጣ ሁሉ ነገር ይቻላል። ፎቅ ይሠራል። ዱባይ ይኬዳል። ዕዳ ይከፈላል።

12 ሰዓት ላይ ዝምታ ይወርዳል። ፎቁም ይፈርሳል።

ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከአምፌታሚን ጋር ዘመድ ነው። ትኩስ ጫት የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ነገር ይለወጣል። ታዲያ ካቲኖን የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። እስቲ ከላይ ከተናገርኩት ደወል ጋር አስተያዩት። ያው ነው! ሰውነት ሲቅም የሚሰማውና ሲደነግጥ የሚሰማው መንትያ ናቸው። ምርቃናው ላይ ጓደኛ ስላለ ስሜቱን «ደስታ» እንለዋለን። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ብቻችንን ስንሆን ያንኑ የልብ ምት «ልሞት ነው» ብለን እንተረጉመዋለን።

ከዚያ ሒሳቡ ይመጣል። እንቅልፍ የለም። ቢመጣም ዱካኩ አለ። ጠዋት ድብርት። ድብርቱን ለመስበር ኢጀባና፣ የጠዋት ጫት። ወይም ማታውኑ ምርቃናውን ለማውረድ ጨብሲ፣ መጠጥ። በዱቤ ላይ ዱቤ ማለት ይህ ነው። አንዱን ሱቅ ለመክፈል ከሌላው ሱቅ መበደር።

አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሲወስደኝ ያለኝን አልረሳውም። «ጋሼ፣ ስቅም ጭንቀቴ ይጠፋል። ሳልቅም ግን የምጨነቀው ስለ ጫቱ ነው።» ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ከየትም አላመጣም።

እኔ የምጠረጥረው አንድ ነገር አለ። ከበርጫ እፎይታ ግማሹ የቅጠሉ አይደለም። የሰዉ ነው። አራት ሰዓት ሙሉ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ሳይቸኩል፣ «እህስ?» እየተባባለ የሚያወራ ሰው ዛሬ ሌላ የት ይገኛል? አንዳንድ ሰው ጫት ሲያቆም ሰዉንም አብሮ ያቆማል። ከዚያ «ሳቆም ባሰብኝ» ይላል። ይብስበታል እንጂ! ሁለት ነገር በአንድ ቀን ነው የተወው። የማውቀው አንድ ሰው ፍራሹ ላይ መቀመጡን አልተወም። ውሃና ኦቾሎኒ ይዞ ይቀመጣል። ለሁለት ሳምንት ቀለዱበት። አሁን ወሬው የሚደምቀው እሱ ሲመጣ ነው። ሙሉ በሙሉ መተው የከበደው ደግሞ ከኢጀባናው ይጀምር። የጠዋቱ ከቀረ የቀኑ ገመድ ይላላል።

ቡናም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ብቻ ወለዱ ዝቅ ይላል። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ቡና፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሹ ደማችሁ ውስጥ አለ። አክስቴን «በረካው ይቅርብኝ» ስላት «አንተ ልጅ፣ በረካ ትቶ በረከት ከየት ይመጣል?» ትለኛለች። ስለዚህ በረካውን ለምርቃት ቀመስ አደርገዋለሁ። ጭሱ፣ ቄጤማው፣ ጨዋታው የዱቤ አይደለም። የሲኒው ቁጥር ነው የዱቤ።

ከጓደኛ የሚወሰድ የእንቅልፍ ኪኒን ግን ቀልድ የለውም። ዲያዜፓምና ዘመዶቹ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለሳምንታት ከተወሰዱ ሰውነት ይለምዳቸዋል። በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ይህ ዱቤ መሆኑ ቀርቶ አራጣ ይሆናል።

ያልተከፈተው ደብተር

በብዛት የሚሠራበትና ማንም ልብ የማይለው ማስታገሻ ግን ሌላ ነው። መሸሽ።

ታይዋን ገበያ ሱቅ ያለው ጓደኛ አለኝ። ለሰው በዱቤ ይሰጣል፣ እሱም ከአከፋፋይ በዱቤ ይወስዳል። የሁለቱም ሒሳብ አንድ ደብተር ላይ ነው። ዋጋ ሲንር ደብተሩን መክፈት ፈራ። «ነገ እከፍተዋለሁ» ይላል። ነገ ሲመጣ ሆዱ ይረበሻል። መሳቢያ ውስጥ መልሶ ያስገባዋል። እፎይ! ከዚያ የአከፋፋዩ ስልክ ሲጠራ አያነሳም። ከዚያ የማያውቀው ቁጥር ሁሉ አከፋፋዩ ይመስለዋል። ከዚያ ስልኩን ድምፅ ማጥፋት። ከዚያ ሱቁን አርፍዶ መክፈት። ስድስት ወር ሙሉ።

እዚህ ላይ የሚሆነው ቀላል ነው። ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ባስገባ ቁጥር ሰውነቱ አንድ ትምህርት ይወስዳል። «አየህ፣ አደጋ ነበር፣ አመለጥን» ይላል። በሚቀጥለው ጊዜ ደወሉ ከፍ ብሎ ይጮኻል። ደብተሩ ውስጥ ያለው ቁጥር አልተለወጠም፤ በጓደኛዬ ጭንቅላት ውስጥ ግን በየቀኑ ያድጋል።

የጭንቀት ሕክምና ዋናው ሥራ ይህን መገልበጥ ነው። የተፈራውን ነገር በትንሽ በትንሹ መቅረብ፣ እዚያው መቆየት፣ ደወሉ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ማየት። አንድ ጊዜ ዘሎ መግባት አይደለም። ደብተሩን ማውጣትና ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ ያ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። መግለጥ በነጋታው።

ስልክ ላይ ወሬ ማሳደድም የዚሁ ግልባጭ ነው። አንዱ አያይም፣ አንዱ ማየት አያቆምም። ቴሌግራም ላይ ክፉ ዜና ስናገላብጥ አንድ ነገር የያዝን ይመስለናል። ምንም አልያዝንም። እኔ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የማየው፤ ጠዋት 3 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት። ትልቅ ነገር ከሆነ የባጃጁ ሹፌር ይነግረኛል።

እጅ በእጅ

እጅ በእጅ የሚከፈለው እፎይታ አንድ ጠባይ አለው። ሲጀመር አያረካም። ማስታወቂያ ቢሠራለት ማንም አይገዛውም።

ትንፋሽን እንይ። ስንስብ ልባችን ትንሽ ይፈጥናል፤ ስናወጣ ዝግ ይላል። ከአንጎል ወርዶ ልብንና ሆድን የሚያዳርስ ቬገስ የሚባል ነርቭ አለ። ትንፋሽ ዘገም ብሎ ሲወጣ እሱ ልብን «ቀስ» ይለዋል። ስለዚህ በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ መሳብ፣ 6 እየቆጠሩ ማውጣት፣ ለ5 ደቂቃ። ሰው «በኃይል ተንፍስ» ሲለን ደረታችንን ነፍተን አየር እንውጣለን፤ ያ ያባብሳል። ቁምነገሩ አወጣጡ ላይ ነው። ደግሞ ሲጨንቀን ብቻ ከሞከርነው እምቢ ይላል። ደህና ቀን ላይ፣ አልጋ ላይ ጋደም ብለን የለመድነው ነው ክፉ ቀን ላይ የሚታዘዘን።

ሁለተኛው ለሀሳብ ሰዓት መስጠት ነው። ስሰማው ሳቅኩ። ሀሳብ ቀጠሮ ያከብራል? ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲሞክሩት ቆይተዋል። በቀን 20 ደቂቃ ትመድባለህ፣ ሁልጊዜ ያው ሰዓት፣ ያው ቦታ። አልጋ ላይ ግን አይሆንም። ሌሊት ሀሳብ ሲመጣ ወረቀት ላይ በአንድ መስመር ትጽፈዋለህ፤ «ነገ 11 ሰዓት ላይ» ትለዋለህ። ነገ 11 ሰዓት ላይ ቁጭ ብለህ ትጨነቃለህ። በደንብ፣ ከልብህ። እኔ ያስገረመኝ፣ ሌሊት ተራራ የነበረው ነገር በቀን ብርሃን ስልክ ተደውሎ የሚያልቅ ጉዳይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ሁሉም አይደለም። ግማሹ ግን አዎ።

መራመድስ? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ላብ የሚያስጀምር እንቅስቃሴ ይመክራል። እዚህ ላብ ለማስጀመር መቆም ይበቃል፤ ግን እሱ አይቆጠርም! ሰዓቱን ማወቅ ነው። ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነፋሱ መጣ መጣ ይላል። ከዚራ እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሁለት ወገን ዛፍ። የባቡር ሰዎቹ ስለ ጭንቀታችን አስበው የሠሩት አይመስለኝም፤ ብቻ የእግር መንገድ ትተውልን ሄደዋል። ከባቡር ጣቢያው ተነስቼ ዙሪያውን እዞራለሁ። ለፓኒክ ሰው መራመድ ሌላም ጥቅም አለው። ልቡ ሲፈጥን ሳይሞት ያያል። ልብ መፍጠን ብቻውን አደጋ እንዳልሆነ ሰውነት በእግሩ ይማራል።

እና ማውራት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የምንል ሰዎች ነን፤ ግን የምንናገረው ለወባ ነው። ለጭንቀት ሲሆን አፋችን ይያዛል። ያወራ ሰውም የሚያገኘው መልስ ያስቀይማል። «አትጨነቅ!» እንዴ፣ ሰው በትእዛዝ ቢረጋጋ ኖሮ ማን ይጨነቅ ነበር? «አይዞህ» ይሻላል። «አይዞህ» ፍርሃቱን አይክድም፤ አብሬህ አለሁ ነው የሚለው። ከሁለቱም የሚሻለው ደግሞ መጠየቅ ነው። «የት የት ይልሃል? መቼ ይብስብሃል?» ባለቤቴ አንድ ሌሊት «እስኪ ልብህን በእጄ ልያዘው» ብላ ዝም ብላ አብራኝ ተቀመጠች። ስድስተኛ ኢሲጂ አልተነሳሁም።

ስለ እንቅልፍ ብዙ አልልም። ሙቀቱን የሚያሸንፍ ምክር የለኝም። በፈለጉት ሰዓት ተኝቶ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት መነሳት ግን ይረዳል፤ የቀትሯን እንቅልፍም ከግማሽ ሰዓት አለማሳለፍ።

ቁልቢም፣ ዱዓም፣ ክሊኒክም

የእምነት ነገር እዚህ አገር ሳይነሳ አያልፍም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚተመው ሕዝብ ስለቱን ብቻ አይደለም ይዞ የሚሄደው። በቀን አምስት ጊዜ ከሥራ ተነስቶ የሚሰግድ ነጋዴ፣ ቀኑን አምስት ቦታ ቆርጦ ያርፋል። ተሰብስቦ ዱዓ ማድረግ፣ ቅዳሴ ቆሞ ማዜም፣ ትንፋሽን ይገዛል፣ ሰውን ከሰው ያገናኛል፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ለባለቤቱ ይሰጣል። በእኔ ሚዛን ይህ የዱቤ አይደለም።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እምነትህ ስለደከመ ነው የጨነቀህ» የሚሉ አሉ። ይህ ለታመመ ሰው ሁለተኛ ሸክም መጨመር ነው። የስኳር በሽተኛን ማንም እንዲህ አይለውም። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ጸበል ስለጀመሩ ማቋረጥም አያስፈልግም። ሁለቱ አይጣሉም።

ወደ ሐኪም መሄጃው መቼ ነው? ሐኪሞች 7 ጥያቄ ያለው አጭር መጠይቅ አላቸው። ባለፉት 2 ሳምንታት ስንት ቀን እንደጨነቀን፣ ሀሳብን መቆጣጠር እንዳቃተን፣ መቀመጥ እንደከበደን ይጠይቃል። ከ21 ነው የሚታረመው። 10 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው መታየት አለበት። ያለ መጠይቅም ይታወቃል። ሥራ ካስፈታ፣ ከቤት መውጣት ካስፈራ፣ በመጠጥ ወይም በጫት ብቻ የሚታገስ ከሆነ ሰዓቱ ደርሷል። ሞት የሚያስመኝ ሀሳብ ከመጣ ግን ዛሬውኑ ነው፤ ያውም ከሰው ጋር። ድሬ ላይ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች አሉ። መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው እስኪሠራ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። ብዙ ሰው በ5ኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል።

የታይዋን ጓደኛዬ ደብተሩን የከፈተው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሱቁ ተዘግቶ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ። መጀመሪያ ላይ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስንደርስ ሻይ አምጡልን አለ። የአከፋፋዩ ዕዳ ከገመተው ይበልጣል። ሰው ለእሱ ያለበት ዕዳ ደግሞ ካሰበው ይበልጣል። አምስት ገጽ ሠርተን ደከመንና ዘጋነው። ደብተሩ ግን መሳቢያ አልገባም። ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠው። ሊለየኝ ሲል ስልኩ ጠራ፤ የማያውቀው ቁጥር ነበር። ሦስት ጊዜ አስጠራውና «አቤት» አለ።